ሥልጣን ከመሃል ከተማ ወደ ገበሬ ማኅበር ይውረድ

ማለዳ ከመናኸሪያ ወርደው ወደ ሐዋሳ መሃል ከተማ የሚያቀኑ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከሩቅ ይለያሉ። ካፖርታቸውን ደርበው፣ ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ በላስቲክ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ይዘው፣ የቢሮ በር እስኪከፈት ድረስ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቆማሉ። አንዱ የመጣው ለመጋቢ መንገድ ነው፤ ሌላው ለወሰን ክርክር፤ ሦስተኛው ስለዘገየ ማዳበሪያ ሊጠይቅ ነው። ቢሮው «ይህ የወረዳ ጉዳይ ነው» ይላቸዋል። ወረዳው ደግሞ አስቀድሞ «ይህ የክልል ጉዳይ ነው» ብሎ የሸኛቸው ነው። በዚህ መካከል የሚባክነው የመሪው ጊዜና የመሳፈሪያ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ማኅበርተኛው በመሪው ላይ ያለው እምነት አብሮ ይባክናል።

ይህ ሁኔታ የሚታየው በሲዳማ ብቻ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ሲዳማ በሕገ መንግሥቱ መንገድ ሄዶ የራሱን ክልል ለመመሥረት ከበቁት የመጀመሪያው በመሆኑ፣ ጥያቄው እዚህ ላይ ይበልጥ ይከብዳል። ክልል የተመሠረተው መንግሥት ለሕዝቡ እንዲቀርብ ከሆነ፣ ቅርበቱ በገበሬው ደጃፍ ሊታይ ይገባል። እስካሁን የተሠራው ሥራ በአብዛኛው ከላይ ያለው ቤት ጣሪያ መክደን ነው። ግድግዳውና መሠረቱ፣ ማለትም ገበሬ ማኅበሩ ወይም በዛሬው ስሙ የገጠር ቀበሌው፣ ገና እጅ አልነካውም ማለት ይቻላል።

ለዚህ አባባል ማስረጃ ለማቅረብ ወደኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት የወጣው በ1923 ዓ.ም. ነው። ሁለት ምክር ቤቶችን ሲያቋቁም ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚላኩትን እንደራሴዎች የሚመርጡት መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ እንጂ ሕዝቡ አልነበረም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ እንደራሴውን እንዲመርጥ ፈቀደ፤ የመጀመሪያው ምርጫም ከዚያ በኋላ ተካሄደ። ነገር ግን ለመመረጥ ሀብት ያሻ ስለነበር ጭሰኛው ቢመርጥም መመረጡ የማይታሰብ ነበር። ጠቅላይ ግዛቱ፣ አውራጃውና ወረዳው ደግሞ በምርጫ የሚያገናኛቸው ነገር አልነበረም። ከላይ እስከ ታች የተዘረጋ የሹመት መሰላል ነበር። የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት እንደራሴ መጀመሪያ በይርጋለም፣ ኋላም በሐዋሳ ተቀምጦ ያስተዳድር የነበረው ከአዲስ አበባ በተሰጠው ሹመት ነበር። የቡናውና የእንሰቱ ባለቤት በዚያ መሰላል ላይ የሚረግጥበት እርከን አልነበረውም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 ይህን ከሥሩ ነቀለው። የዚያን አዋጅ ታሪክ ለገበሬ ማኅበር መሪዎች መንገር ለባለቤቱ ቤቱን ማሳየት ይሆናል። ቢሆንም አንድ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። አዋጁ መሬት ሲያከፋፍል በዚያው ወረቀት ላይ ማኅበር አቋቋመ። ቢያንስ 800 ሄክታር ስፋት ባለው መሬት ላይ ያሉ ገበሬዎች ተሰባስበው መሪዎቻቸውን እንዲመርጡ፣ መሬቱን ራሳቸው እንዲደለድሉ፣ ክርክሩንም በራሳቸው የፍርድ ሸንጎ እንዲያዩ ተደረገ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 71 ደግሞ ለማኅበሩ የሕግ ሰውነት ሰጠው። ማኅበሩ መክሰስና መከሰስ፣ ውል መዋዋል የሚችል አካል ሆነ። ከሁሉ በታች ያለው ገበሬ የራሱ አስተዳደር በሕግ ሲኖረው በአገሪቱ ታሪክ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚያስታውሱ አረጋውያን ዛሬም አሉ። ማኅበሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከገበሬው አፍ ይልቅ የመንግሥት እጅ ሆነ። ኮታ የሚሰበስበው እርሱ፣ ለዘመቻ ምልምል የሚያቀርበው እርሱ፣ ሰፈራና መንደር ምሥረታ ሲመጣ ቤት የሚያስፈርሰው እርሱ ሆነ። በ1978 ዓ.ም. ክረምት የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ በየገበሬ ማኅበሩ ለውይይት ቀርቧል። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ በ1980 ዓ.ም. መባቻ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ታወጀ። አገሪቱም በ5 ራስ ገዝና በ24 የአስተዳደር አካባቢዎች ተከፈለች። ራስ ገዝ የሚለው ቃል በዚያ ሕገ መንግሥት ውስጥ ቢገባም መንግሥቱ አሐዳዊ፣ ፓርቲውም አንድ ስለነበር ቃሉ ከወረቀት ሳይወርድ ሥርዓቱ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ። ታችኛው አካል ትእዛዝ የሚቀበል ብቻ ከሆነ ሕገ መንግሥት የቱንም ያህል በየመንደሩ ቢነበብ ለገበሬው ቅርበት አያመጣም። ይህን ትምህርት ያስተማረው ያ ዘመን ነው፤ ዋጋውም ውድ ነበር።

በ1984 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 7 አገሪቱን በ14 ብሔራዊ ክልላዊ መስተዳድሮች ሲያዋቅር ሲዳማ ክልል 8 ተብሎ ራሱን የቻለ ክልል ሆኖ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከ7 እስከ 11 ያሉት አምስቱ ክልሎች ተዋሕደው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሆኑ፤ መቀመጫውም ሐዋሳ ሆነ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸድቆ ከነሐሴ 15 ቀን ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 47 ዘጠኝ አባል ክልሎችን ዘረዘረ። ሲዳማ በዝርዝሩ ውስጥ በስሙ አልነበረም።

ይሁንና ያው አንቀጽ በር ትቶ ነበር። በንኡስ አንቀጽ 2 በዘጠኙ ክልሎች ውስጥ ያለ ማንኛውም ብሔር፣ ብሔረሰብ ወይም ሕዝብ የራሱን ክልል በማናቸውም ጊዜ የመመሥረት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ንኡስ አንቀጽ 3 መንገዱን ያሳያል። የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል፤ ጥያቄው በጽሑፍ ለክልሉ ምክር ቤት ይቀርባል፤ የክልሉ ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል፤ አብላጫው ከደገፈ ሥልጣን ይተላለፋል፤ አዲሱ ክልል ተጨማሪ ማመልከቻ ሳያስፈልገው የፌዴሬሽኑ አባል ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ጉዳይ አለ። ጥያቄውን ሊያቀርብ የሚችለው የብሔሩ ምክር ቤት ስለሆነ፣ ምክር ቤት የሌለው ሕዝብ በአንቀጽ 47 መጠቀም ይቸግረዋል። በደቡብ ክልል ሕገ መንግሥት የሲዳማ ዞን የተመረጠ ምክር ቤት ነበረው። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በሙሉ ድምፅ የክልልነት ጥያቄውን ያጸደቀውም ይኸው ምክር ቤት ነው። በዝቅተኛ እርከን ላይ የተቀመጠ አንድ ምክር ቤት በሕግ የተሰጠውን ሥልጣን አውቆ በመጠቀሙ የፌዴሬሽኑ ቅርጽ ተለወጠ። የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከሲዳማ ታሪክ ሊይዙት የሚገባው ዋና ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የአንዱ ዓመት ጊዜ ሕዝበ ውሳኔው ሳይካሄድ አለፈ። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ንብረት ወደመ። በሕግ የተቀመጠ የጊዜ ገደብ ሲታለፍ ጉዳቱ ማን ላይ እንደሚወድቅ ያን ጊዜ ታይቷል። በመጨረሻም ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔው ተካሄደ። ገበሬው ገና ጎህ ሳይቀድ ተሰልፎ ከሻፌታና ከጎጆ ምልክቶች አንዱን መረጠ። በምርጫ ቦርድ በተገለጸው ውጤት 98.51 ከመቶ የሚሆነው ድምፅ የተሰጠው ሲዳማ ክልል እንዲሆን ነበር። ሰኔ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ምክር ቤት ውሳኔ አሥረኛው ክልል ሆነ፤ ሰኔ 27 ቀን ምክር ቤቱ የምሥረታ ጉባኤውን አካሂዶ የክልሉን ሕገ መንግሥት አጸደቀ። ከዚያ በኋላ በዚሁ በር ሌሎችም ወጡ። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም.፣ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ተመሠረቱ። በ1987 ዓ.ም. ዘጠኝ የነበሩት ክልሎች አሥራ ሁለት ሆኑ፤ የደቡብ ክልል የሚለው ስምም ታሪክ ሆነ።

እንግዲህ ክልል ምን በእጁ አለ? አንቀጽ 52 ለክልሎች ከሰጣቸው ሥልጣኖች መካከል የራሳቸውን ሕገ መንግሥት ማውጣት፣ ፖሊስ ማደራጀት፣ እንዲሁም የፌዴራሉ ሕግ በሚያወጣው መሠረት መሬትና የተፈጥሮ ሀብትን ማስተዳደር ይገኙበታል። የገቢውን ጉዳይ አንቀጽ 97 ይዞታል። የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ የሚወስነውና የሚሰበስበው፣ በግል የሚያርሱም ሆኑ በኅብረት ሥራ ማኅበር የተደራጁ ገበሬዎች የሚከፍሉትን የእርሻ ገቢ ግብር የሚጥለው ክልሉ ነው። ከዚህ አኳያ ሲታይ ገበሬው በክልሉ ቤት ውስጥ እንግዳ አይደለም፤ ከባለቤቶቹ አንዱ ነው። እርግጥ ነው፣ የክልሎች ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚወስነው ቀመር ከሚከፋፈለው የፌዴራል ድጎማ ነው። ሆኖም ግብሩን በቀበሌ ደረጃ የሚያስከፍለው፣ ስም ዝርዝሩን የሚይዘው፣ ያልከፈለውንም የሚያስጠነቅቀው የማኅበሩ መሪ ነው። ቀበሌው ግን በጀት የሚመደብለት እርከን አይደለም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የጥቅል በጀት ወደ ወረዳ ወርዷል፤ ከወረዳ በታች አልወረደም። ሰብስቦ የሚያስረክብ፣ ግን አንድ ድልድይ ለመጠገን ወደ ላይ ማመልከት ያለበት አካል እንዴት ሥልጣን አለው ይባላል?

የሚገርመው የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንኡስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ እንዲችል ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንደሚሰጥ በግልጽ መደንገጉ ነው። «በቂ» የሚለው ቃል ስፋቱ አልተለካም፤ የሚለካው ክልሉ በሚያወጣው ሕግ ነው። እዚህ ላይ አዲስ የተመሠረተ ክልል ዕድል አለው። አሮጌው ልማድ ገና ሥር አልሰደደበትምና።

የዞንን ነገር እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ሲዳማ በደቡብ ክልል ውስጥ ሳለ አንድ ዞን ነበር። ክልል ከሆነ በኋላ ራሱ ሰሜናዊ፣ ማዕከላዊ፣ ምሥራቃዊና ደቡባዊ በሚባሉ ዞኖች ተዋቅሯል። በአገሪቱ ሁለት ዓይነት ዞን አለ። በአማራ ክልል የአዊ፣ የዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞኖች የየራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። ጎጃምና ጎንደርን የመሰሉት ዞኖች ደግሞ ምክር ቤት የሌላቸው የክልሉ አስፈጻሚ ቅርንጫፎች ናቸው። የመጀመሪያው ዓይነት ሥልጣን ያወርዳል፤ ሁለተኛው ሥራ ያቀላጥፍ ይሆናል እንጂ ሥልጣን አያወርድም። ካልተጠነቀቁለት ደግሞ ከቀበሌ ተነሥቶ መሃል ከተማ ለመድረስ አንድ ተጨማሪ ደረጃ፣ አንድ ተጨማሪ ማኅተም ይሆናል። ከአሮሬሳ ወይም ከበንሳ የሚነሣ መሪ ጉዳዩ በዞን የሚያልቅለት ከሆነ እሰየው። በዞን አልፎ እንደገና ሐዋሳ መምጣት ካለበት ግን የተቀነሰለት ነገር የለም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው የቀበሌው ምክር ቤት ጉዳይ ነው። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባላት እንዲኖሩት ተደርጎ ነበር። ቁጥሩ ለስብሰባ አመቺ ነበር ብሎ መከራከር አይቻል ይሆናል። ሦስት መቶ ሰው በአንድ ዋርካ ሥር ሰብስቦ ስለ ተፋሰስ መወያየት የሚችል ሊቀመንበር ብርቱ ነው። ቀጣዩ የአካባቢ ምርጫ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተካሄደ፤ የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት ስለሆነ በ2010 ዓ.ም. ሊደገም ይገባው ነበር፤ ተራዘመ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የተካሄደው ስድስተኛው አጠቃላይ ምርጫ ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤቶች ነበር። በመሆኑም ክልሉ አዲስ፣ ምክር ቤቱም በድምፅ የተመረጠ ሲሆን፣ ከሥር ያለው የቀበሌ ምክር ቤት በአዲሱ ክልል ሥር የመራጭ ፊት ሳያይ ዓመታት አልፈውታል። መሪዎቹ በዚህ ምክንያት የሚወቀሱ አይደሉም። ምርጫ የሚጠራው እነርሱ አይደሉምና። ነገር ግን ጥያቄውን ማንሣት ያለባቸው እነርሱ ናቸው። «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» እንዲሉ፣ የቀበሌ ምርጫ እንዲደረግ ከቀበሌ ሌላ የሚወተውት አይኖርም። በድምፅ የተመረጠ መሪ በወረዳ ፊት ቆሞ «ሕዝቡ እንዲህ ብሏል» ሲል ክብደት አለው። የተሾመ ወይም ዘመኑ ያለፈ መሪ ይህን ሲል «መቼ ጠየቅኸው?» ቢባል መልስ ያጣል።

በዚህ ረገድ የናይጄሪያ ታሪክ ትምህርት ይሰጣል። ናይጄሪያ በ1960 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነጻ ስትወጣ ሦስት ክልሎች ነበሯት። በ1967 አሥራ ሁለት፣ በ1976 አሥራ ዘጠኝ፣ በ1996 ሠላሳ ስድስት ደረሱ። እያንዳንዱ አዲስ ግዛት የተመሠረተው መንግሥትን ወደ ሕዝብ ለማቅረብ ተብሎ ነበር። ሆኖም አብዛኞቹ ግዛቶች የሚኖሩት ከማዕከል በሚላክላቸው የነዳጅ ገንዘብ ሲሆን፣ ከሥራቸው ያሉት 774 የአካባቢ መንግሥታት የሚደርሳቸው ድርሻ በገዢዎቹ እጅ እየተያዘ ለረዥም ዘመን ሲቸገሩ ቆይተዋል። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ገንዘቡ በቀጥታ ለአካባቢ መንግሥታቱ እንዲከፈል ወሰነ። የአንድን ሕዝብ ቤት ከፍሎ ለራሱ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ በቤቱ ውስጥ ያለውን ታናሽ ማስታወስ ሌላ ነገር ነው።

በሐዋሳ ዙሪያ ላሉ ማኅበራት ግን ነገሩ ከበጀትም ከምርጫም ይልቅ በመሬት በኩል ይመጣል። ከተማው እየሰፋ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ከዚያም ወዲህ የተሠሩት ቤቶችና መንገዶች የእርሻ መሬት ፈልገዋል። በሐዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያሉ የገጠር ቀበሌዎች ከተማም ገጠርም ሆነው ይኖራሉ፤ ጠዋት በቆሎውን የሚኮተኩት ገበሬ ማታ በከተማ ፕላን ውስጥ ራሱን ያገኛል። እዚህ ላይ ሕገ መንግሥቱ ዝም አላለም። አንቀጽ 40 ገበሬው መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለው ይገልጻል፤ ለሕዝብ ጥቅም ንብረቱ ሲወሰድም ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ እንዲከፈለው ያዛል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ቅሬታ የሚሰማ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ እንዲቋቋም ኃላፊነቱን ለክልሎች ሰጥቷል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 እንኳ ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን በዋስትና አስይዞ እንዲበደር ፈቅዷል። ይህ ሁሉ የሚያዘው በምዝገባ ላይ ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ያልተስተካከለ፣ ወሰኑ ያልተለካ፣ የሚስቱ ስም ከባሏ ጋር ያልተመዘገበ ገበሬ የካሣ ቀን ሲመጣ ባዶ እጁን ይቆማል። በአንዳንድ ቀበሌ መዝገቡ ለመሪው ቤተ ዘመድ ሲል ይለወጣል የሚል ሐሜት ይሰማል። ሐሜት ቢሆንም መነሻ ከሌለው አይወራም፤ ሥልጣን ይውረድ ሲባል ይህም ጥፋት አብሮ እንዳይወርድ መጠንቀቅ የመሪዎቹ ፋንታ ነው።

የሲዳማ ገበሬ ለዚህ ጥንቃቄ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በሽማግሌዎች ሶንጎ ላይ ነገር የሚያነሣ ሰው አስቀድሞ «አፊኒ?» ይላል፤ ሰማችሁ ወይ ማለት ነው። የተቀመጡት መስማታቸውን ካልመለሱ ነገሩ አይቀጥልም። ሃላሌ የሚባለው የእውነት መመዘኛ ደግሞ ሽማግሌው ለወገኑ እንዳያዳላ ይይዘዋል። አንድ የቀበሌ ሊቀመንበር የግብሩን ዝርዝር፣ የመሬት መዝገቡን ለውጥና የተሰበሰበውን መዋጮ በየሦስት ወሩ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት አንብቦ «አፊኒ?» ቢል ይህን የሚከለክል ሕግ የለም። የወረዳ ፈቃድም አያስፈልገውም። በጀት እስኪመጣ፣ ምርጫ እስኪጠራ ሳይጠብቁ ነገ ጠዋት የሚጀመር ሥራ ነው።

የቀረው የክልሉ ምክር ቤት ድርሻ ነው። የእርሻ ገቢ ግብርና የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ ከተሰበሰበበት ቀበሌ የተወሰነ እጅ እዚያው እንዲቀርና በጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ለመጋቢ መንገድ፣ ለምንጭና ለድልድይ እንዲውል ማድረግ በክልሉ ሥልጣን ውስጥ ነው፤ ፌዴራል መንግሥትን መጠየቅ አያሻውም። የትኛው ጉዳይ በቀበሌ፣ የትኛው በወረዳ፣ የትኛው በዞን እንደሚያልቅ በአንድ ገጽ ተጽፎ፣ በሲዳማ አፎና በአማርኛ ታትሞ፣ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ቢለጠፍ ወጪው ወረቀትና ሙጫ ነው። ያን ጊዜ ከአሮሬሳ የተነሣው መሪ ሐዋሳ ለመምጣት ካፖርቱን ከመልበሱ በፊት ወደ በሩ ዞር ብሎ ያነብባል።